የዱቤ ደብተር

ሰኞ ገበያ ጥግ፣ ከቆርቆሮው ደጃፍ፣
አንድ ወንበር ነበረኝ፣ አንድ መስታወት ጠርዙ የሚረግፍ፣
አንድ የዱቤ ደብተር፣ ከምስማር ላይ በሲባጎ ታስሮ፦
«ይማም፣ ፀጉር፣ አሥር ብር። ወርቄ፣ ጺም፣ ያምናው ተጨምሮ።»

ክረምት ነበር። ጦሳ ጉሙን ለቆ አስፋልቱ ሲጠፋ፣
በረንዳዬ ላይ አንድ ሰው ጆንያ ለብሶ አንቀላፋ።
ጧት በሩን ስከፍት «እንደምን አደርክ» አለኝ፤
የቤቱ ጌታ እሱ፣ እንግዳው እኔ መሰለኝ።

ፀጉሩ ከጺሙ ጋር ተቋጥሮ ጠንክሯል።
መቀሱ እምቢ አለ፤ ምላጩም ተሰብሯል።
ሦስት ሰዓት ፈጀ፣ ባልዲው ሲደፋ ሲመላ፤
ከዚያ ሁሉ ሥር ፊት ወጣ፣ ዕድሜው ሠላሳ የማይሞላ።

ደብተሩን ገልብጬ ከኋላው ገጽ ጀመርኩ፣
«ስም፦» ብዬ ጻፍኩና ነጩን ትቼ አለፍኩ።
ከፊት የተጻፉት እኔ የምጠይቃቸው፤
ከኋላ የተጻፉት እኔ ያለብኝ ናቸው።

እታፈራው ሰማች፤ ከሆስፒታል ጡረታ የወጣች፣
«ኪኒን ሳይውጥ ፀጉር ቢቆረጥ ምን ሊረባ?» ብላ ተቆጣች።
በመሀረቧ ጫፍ ቋጥራ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሞላ፣
ቆማ ታስውጠዋለች፣ ቂጣ ካበላችው ኋላ።
በወሩ «አሊጋዝ» አለኝ፣ ራሱ፣ ሳልጠይቀው፤
ነጩን ሞላሁ። የኔ እጅ ነበር የሚንቀጠቀጠው።

ሁለተኛው መጣ። ሦስተኛዋ። ከመናኸሪያ፣ ከድልድይ ሥር።

ሰፈሩ አጉረመረመ፦ «የእብድ ገበያ አደረጋችሁት!»
አከራዬ ቁልፍ ቀየረ፤ ወንበሬን ከደጅ አገኘሁት።
ያኔ የቅሬው ዳኛ፣ ጋሽ አበጋዝ፣ ቃል ሳይተነፍሱ አንድ እንኳን፣
በአህያ አስጭነው ላኩልን ያንን የለቅሶ ድንኳን።
ለሞቱት ብቻ ይተከል የነበር፣
ላልሞቱት ተተከለ፣ ሰባት ሰው እንዲያድር።

ከድንኳን ወደ ወፍጮ ቤት፣ ቧንቧ ውሃ ቁልቁለቱ ላይ፣
(ዱቄቱ ዛሬም ይረግፋል፣ ነፋስ ሲገባ ከላይ)
ከአራት አልጋ ወደ አሥራ ሁለት፣ ከዚያ አርባ፣ ከዚያ ወረፋ።

ዘሀራን ከኩታበር አመጧት፣ ስድስት ዓመት ከምሰሶ ታስራ፤
ቁልፉ የት እንደወደቀ ወንድሟም አያስታውስ፤ በመጋዝ ቆረጥነው ተራ በተራ።
ሰንሰለቱን ለጉድጓዱ ባልዲ አዋልኩት፤ ዕቃ መጣል አልወድም።
ውሃ ሲቀዳ ግን ትሸሻለች። እጇ ጆሮዋ ላይ፤ አትቆምም።
ቆይቶ ገባኝ፣ ለሞኙ።
በማግስቱ ገመድ ገዛሁ።

ማኅተም ተቀረጸ። ታፔላ ተሰቀለ። ቦርድ ተሰበሰበ።
ኮምቦልቻ ቅርንጫፍ ተከፈተ፤ ሐይቅ ላይ ሌላ ታሰበ።
ሰው ሁሉ ቁጥር አለው፣ ፋይል አለው፣ ሰማያዊ።
አንድ ማታ እታፈራው «ሙሄ፣ የሁለት መቶ አሥሩን ስም ረሳሁት» አለችኝ፤
መሀረቧን ፈታች። ባዶውን ጫፍ አሳየችኝ።

አሊጋዝም ሁለት ዓመት በር ጠብቆ ጠብቆ፣
ጉም በወረደበት ሌሊት ሄደ፣ ጆንያውን ከሳጥን አውልቆ።
ቦርዱ «አልጋው ለሌላ ይሰጥ» አለ።
ተሰጠ። ልክ ናቸው።
እኔ እስካሁን ጧት በሩን ስከፍት
ሰላምታ እጠብቃለሁ።

ባለፈው ሰኔ ኦዲተር መጣ፤ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ ነው።
ሣጥኑን ሁሉ ሲበረብር ያን ደብተር አወጣው።
«ይሄ ገቢ ነው ወጪ?»
«ዕዳ ነው» አልኩት።
«የማን?»
ገለጠ፣ ገለጠ፣ መሀሉ ደረሰ፤
ከፊት የመጡትና ከኋላ የመጡት አንድ ገጽ ላይ ተፋጠዋል፣
አንዱ ቀና ብሎ፣ አንዱ ተዘቅዝቆ።
በግራ፦ «ይማም፣ ፀጉር፣ ከበፊቱ ጋር ሠላሳ።»
በቀኝ፦ «ይማም። ከመናኸሪያ። እግሩን ብርድ መትቶታል። ልብሱ የሌላ ሰው።»

ኦዲተሩ ደብተሩን ዞር፣ መለስ አደረገና
ደረሰኝ ጠየቀኝ።
ይማም፣ ከመጣ አንድ ቃል ብቻ የሚያውቀው፣
ከበሩ ሥር ፀሐይ እየሞቀ፣ አንገቱን አስግጎ፣
«ነገ እከፍላለሁ» አለው።